የአባባ ጎማና አረንጓዴው ገንዳ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... እኔ ነኝ፣ እህትህ። ልደውልልህ ስል ቀደምከኝ። የት ደረስክ?... ከነአፈሩ? በል ሹፌሩን ጥግ ያዝ በለው።

— ጥግ ያዝ በለው አልኩህ። የዋና ገንዳው አይደፈንም።

— አውቃለሁ። እስከ ቅዳሜ የውሃው አረንጓዴ ካልለቀቀ አፈር ይሞላ ተባብለናል። ለቀቀ እኮ ነው የምልህ... አልቀልድም፣ ወለሉ ይታያል።

— ያቺ ጠማማ ሴራሚክ ሳትቀር። በዘጠኝ ዓመትህ የለጠፍካት። ግንበኛው ሊነቅላት ሲል አባባ «ልጄ የለጠፈውን ማንም አይነቅልም» ያለላት።

— ክሎሪኑማ ምን አጠፋ። ስንት ጊዜ ጨመርን፣ ግድግዳውን ስንት ጊዜ ፈገፈግን፤ በሦስተኛው ቀን መልሶ እንደ መስክ ይለመልማል። ጥፋቱ የኛው ነው። የአባባ ጎማ።

— አዎ፣ እሱ የሚንሳፈፍባት፣ እማዬ ከዳር ሆና በመጥረጊያው እንጨት የምትገፋለት። ከቀብሩ ወዲህ ማን ደፍሮ ነካት? ውሃውን ስናክም እሷን ትተን ዙሪያዋን ነው። ለካ አረንጓዴው አልጌ ሆዷ ስር ተደብቆ ይጠብቀናል። ገንዳ አጣቢው «ይቺ ትውጣ» ቢል እማዬ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳችው፣ ረሳኸው?

— ራሷ ናት ያወጣቻት። ሰኞ ጠዋት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በእንጨቱ ሳበቻት፣ ገለበጠቻት። ከስር ጣት የሚያህል የሚያሟልጭ አረንጓዴ። አየት አደረገችና «እሱ ቆሻሻ አይወድም ነበር» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ በብሩሽ ፈተገቻት፤ ላግዝሽ ብላት አልሰጠችኝም። ክሎሪን ውስጥ ዘፍዝፈን ፀሐይ ላይ ሰቀልናት። ገንዳውን እንደገና ፈገፈግን፣ ማጣሪያው ሌት ተቀን ሠራ። ይኸው ስድስተኛ ቀኑ፣ ጠብታ አረንጓዴ የለም።

— ቆይ ልጠይቃት... እማዬ፣ ልጅሽ አፈር ይዞ መጥቷል፣ ምን ልበለው?... «ለአበቦቼ ያውርደው፤ ለእኛ የዘንድሮው አፈር ይበቃናል» ትልሃለች።

— እየሳቅክ ነው ወይስ... ተወው፣ አልጠይቅህም።

— አንዴ ቆየኝ... እማዬ፣ ጎማዋን ይዘሽ ወዴት?... ደረጃውን ወረደች። ዋና መች ትችላለችና... እግሯን ከተተች... ተቀመጠችባት፣ ከነቀሚሷ። አንተ፣ እንደ ንግሥት ነው የተቀመጠችው። ሳቋ ይሰማሃል?... እሷ ናት፣ ሌላ ማን አለ።

— ምን አልሽ እማዬ?... «የሚገፋኝ የለም ወይ» ትላለች። በል ልዝጋው፣ እንጨቱን ላምጣ።