በኪስ የከረመው ማዘዣ

አናጢው በር ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሊወጣ ተነሥቶ ሁለተኛው ላይ ትንፋሹ ከዳው። በሩን ግድግዳ አስደግፎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጁ ግን ሳያስበው ሲጋራ ፍለጋ ኪሱ ገብቷል። ባልደረቦቹ «ጋሽ ውሃ ልክ» ይሉታል። የሠራው ነገር አይዘምም፤ እሱም ካለው ንቅንቅ አይልም።

ከላይ የምትወርድ ሴት አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። የድሮ ጎረቤቱ ልጅ ናት፤ አሁን መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ውሃ ላምጣልዎት?»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። ደረጃው ነው የረዘመብኝ።»

ሲጋራውን ሲያወጣ የተጣጠፈ ወረቀት አብሮ ወደቀ። አንሥታ ስትሰጠው ዓይኗ ጽሑፉ ላይ አረፈ፤ ሲጋራ ለማቆም የሚረዳ ክኒን የታዘዘበት ነው። ከተጻፈ ወር ሊሞላው ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራዬ ሆኖ አነበብኩት። ለምን አልገዙትም?»

አናጢው ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ ሲጋራውን ሳይለኩስ በጣቶቹ መካከል ያሽከረክረው ጀመር።

«ሳል ይዞኝ ብሄድ ሐኪሙ ይህን ጽፎ ሸኘኝ። እኔ በክኒን የማቆም ሰው ነኝ እንዴ? ወንድ ልጅ ከቆረጠ ቆረጠ ነው።»

«ስንት ጊዜ ቆረጡ?»

«አራቴ። ረጅሙ አሥራ አንድ ቀን ነው። ያን ቀን ሚስቴ ላይ ስለ ጨው ስጮህ ዋልኩና ራሷ ሄዳ ሲጋራ ገዝታ አመጣችልኝ።»

ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። ሰው ድክመቱን ገልጦ የሚስቅበት ካጋጠመው ሁለተኛ አይናገርምና።

«እንግዲያው ወኔ አላነሰዎትም። የለመደው ጭንቅላትዎ ነው ኒኮቲን የሚጠይቀው። ክኒኑ ጥያቄውን ያለዝበዋል፤ ቢያጨሱም እንደ ድሮው አይጥምዎትም።»

«አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መለወጥ አይሆንም?»

«ሁለት እንጨት በሙጫ ሲያጣብቁ በሞርሳ አያስሩትም?»

«አስራለሁ እንጂ።»

«እንጨቱ ሰነፍ ሆኖ ነው?»

«ሙጫው እስኪደርቅ ነዋ። ሲደርቅ ይፈታል።»

«ክኒኑም እንደዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ ለሦስት ወር ይወሰዳል፣ ከዚያ ይቀራል። ሱስ አያስይዝም።»

ነገሩ ገብቶታል፤ መሸነፍ ግን አልወደደም። «ጉዳትስ የለውም?»

«አልደብቅዎትም። አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይውሰዱት። ሕልምም ያበዛል። ሆድ ከባሰዎት፣ ጠባይዎ ከተለወጠ ግን ዝም እንዳይሉ፤ ቶሎ ለሐኪሙ ይንገሩ። የሚያቆሙበትን ቀን ይወስኑና ክኒኑን ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድመው ይጀምሩ። ይህ ወረቀት ስለ ቆየ ደግሞ ሐኪሙ እንደገና ይይዎት።»

በሩን ሌሎች ሰዎች አወጡለት። እሱ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ተሰለፈ።

ክኒኑን በጀመረበት ሳምንት ሲያቅለሸልሸው ሰነበተ፤ በሁለተኛው ማጨሱን ተወ። እጁ ግን ሥራ የፈታ መስሎት ተቅበጠበጠ። ማንም ያላዘዘውን በርጩማ እየሠራ ይደረድር ጀመር፤ ሚስቱም «ለየትኛው እንግዳ ነው?» ትለዋለች። በአምስተኛው ሳምንት ተናድዶ አንድ ሲጋራ አጨሰ። ሁሉም የፈረሰ መስሎት መድኃኒት ቤት ሮጠ።

«አንድ ሲጋራ ይህን ሁሉ ቀን አይሰርዘውም» አለችው። «ክኒኑን ይቀጥሉ።»

ቀጠለ። ሦስት ወር ሞልቶ ክኒኑ ሲቀር ሳሉ ጋብ ብሎ፣ የምግብ ጣዕም ተመልሶለት ነበር። ሳሉን ሸሽታ ሌላ ክፍል የምታድረው ሚስቱም አንድ ቀን ትራሷን ይዛ ተመለሰች። እርዳታ መቀበል ወንድነትን የሚቀንስ ይመስለው የነበረ ሰው፣ የቀነሰበት ሕመሙ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አመነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ እያሳለ፣ «እንዴት ብለህ ነው ብቻህን የተወጣኸው?» ሲል ጠየቀው።

«ብቻዬን አልተወጣሁትም» አለ አናጢው፣ መጋዙን አስቀምጦ ኮቱን እያነሣ። «ተነሥ፣ ሐኪሙ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለ። እኔም አብሬህ እሰለፋለሁ።»