እስር ቤት ያልገባው ትምህርት

ከቱሊ ጉሌድ ወደ ጅግጅጋ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አጠገቡ ያሉት እናት የያዙትን ወረቀት አይቶ አናገራቸው።

«እናቴ፣ ይሄ የሕግ ትምህርት አይደለም? እኔም ሕግ ነው የምማረው።»

«የልጄ ነው። ከታሰረ ወዲህ ክፍል አልገባም። አስተማሪው ትምህርቱን ዌብሳይት ላይ ያወጣዋል አሉ። ጓደኞቹ ፕሪንት አድርገው ይሰጡኛል፣ እኔ አደርስለታለሁ።»

«ያስገቡልዎታል?»

«የውል ሕጉን አስገብተውልኛል፣ የመሬቱንም። ይሄኛውን ግን ጥበቃዎቹ አይተው መለሱብኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ምንድነው የሚለው?»

ወጣቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ትንሽ አነበበ።

«የታሰረ ሰው ምን መብት እንዳለው ነው።»

«ለፈተናው ያስፈልገዋል?»

«ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያው አንብብልኝ። በቃሌ ይዤ፣ ምግቡን ሳቀብለው እነግረዋለሁ።»

ወጣቱ ሾፌሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

«የታሰረ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።»

«ይሄንን ድገምልኝ» አሉት። «የኔ ልጅ ከታሰረ ረመዳን ገብቶ ወጣ፣ እስካሁን ዳኛ አላየም።»

ወጣቱ ደገመላቸው። እሳቸውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉት።

ጅግጅጋ ገብተን መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ብዬ ላቋርጣቸው ግን አቃተኝ።