ሳይዘመር የማይታተም ወረቀት

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው አባታችን ታታ ሃሚልተን እዚህ ማተሚያ ቤት የመጡ ቀን ሥራ አስኪያጁ «ልምድ አለዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው በሩን ከፈት ዘጋ አደረጉና፣ «ከዶ-ሬ-ሚ-ፋ ድምፆች በራችሁ ፋ ላይ ነው የሚጮኸው፤ ሶል ቢሆን ይሻለው ነበር» አሉት። ያኔውኑ ተቀጠሩ። በሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዘይት አልቀመሰም።

ወገኖቼ፣ የሌላ ቤት አራሚ ያነባል፤ የእኛው ይዘምራል። የመዘምራን የዜማ ወረቀት መቼም አራቱንም ድምፅ፣ ቀጭኑን የሴቶቹን ሳይቀር፣ ዘምረው ካልጨረሱ አያሳልፉም። ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ አንድ ቀን መጥቶ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሴትዮዋን ሐኪም ቤት ውሰዷት» ብሎናል።

ቀብር ላይማ አይነሣ። የመዘምራኑ አንጋፋ የማማ ኖሴኬላ ሣጥን ሊወርድ ሲል መዘምራኑን አስቁመው፣ «ወፍራም ድምፆች፣ ላ ናት! ሟች ይችን ዜማ አበላሽተው አያውቁም» አሉ። ቄሱም አብረው ከመጀመሪያው ደገሙ።

አሁን ወደዚያች ጉደኛ ወረቀት ልምጣ። የንጎቢ መንደር ሴቶችን የሠርግ ዘፈን ስናትም በ«ሚ» ቦታ «ፋ» ገባች። ወረቀቱ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ተበተነ፤ አገሩ በሙሉ ፋ አለ። አንድ ምሁርማ «ይህች ፋ የአባቶቻችን ነፍስ ናት» ብለው ጻፉ።

ከዚያ የንጎቢ ሴቶች ለመዘምራን ውድድር መጥተው የገዛ ዘፈናቸውን በ«ሚ» ዘፈኑ። ዳኛው ወረቀቱን አየና መጨረሻ አደረጋቸው። መሪያቸው ማድሎሞ፣ «አያቴ ለሠርጓ ያወጣችው ዘፈን እኮ ነው» ብትለው፣ «ማማ፣ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም» አላት።

ታታ ሃሚልተን ከኋላ ተነሡ። «ሴቶቹ ልክ ናቸው። አራሚው እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።»

«ይቀመጡ ታታ፤ የታተመ ነገር አይሳሳትም» አላቸው ዳኛው።

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ታታ ፋ» ሆኖ ቀረ። እናንተም ጠራችኋቸው፣ እኔም ጠራኋቸው። እሳቸው ግን ክረምቱን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጎቢ እየሄዱ ከማድሎሞ ደጅ ተቀምጠው ዘፈኑን እንደገና ጻፉት፤ ታርሞም ታተመ። ዛሬ ልጆቻችን በ«ሚ» የሚዘፍኑት በእሳቸው ድካም ነው።

ባለፈው ሳምንት መሳቢያቸውን ስናጸዳ የዚያች ወረቀት የእርማት ቅጂ ወጣች። ፋዋ በቀይ ተሰርዛለች፤ በላይዋ ሚ ተጽፏል። አያችሁ፣ አርመዋት ነበር። ፊደል ለቃሚዋ እኔ ነበርኩ። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ሳላስተካክል ወደ ማሽኑ የላክኋት እኔ ነኝ። አላወቅሁም ብል እዋሻለሁ፤ ሃያ ሰባት ዓመት አውቄ ዝም አልኩ። ያላወቅሁት፣ ታታ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እርስዎ ማወቅዎን ነው።

«ለምን አላጋለጡኝም?» ስላቸው፣ «አለቆቹ አንቺን ሊያባርሩሽ ሰበብ ይፈልጉ ነበር፤ እኔን ደግሞ ማን ይተካኛል?» አሉኝ። ትሕትና እንኳ ድሮም አልፈጠረባቸውም።

አፍሬያለሁ፣ ታታ። ይቅር ይበሉኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት እርስዎ በዋጡት ሳቅ ነው።

በሉ የዝንጅብል መጠጣችሁን አንሡ። ከነገ ጀምሮ ፋ የምትባለው እኔ ነኝ፤ የፈለገ ይሳቅ። ለታታ ሃሚልተን ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ቅዳሜያቸውንም የሚያደምቅ ጎረቤት ይስጥልን። እንጠጣላቸው።