ከሻምፒዮኖች ዝርዝር የጎደሉት አሥራ ዘጠኝ ቀናት

የባለቤቴ የአቶ ሞሲሳ ባይሳ ዕረፍት የተነገረኝ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በምሠራበት በአፕል ቫሊው የአረጋውያን መኖሪያ የአንዲት አሮጊት እግር እያጠብሁ ሳለሁ ነበር። የደወለልኝ እንደ እርሳቸው ያለ ታክሲ ነጂ እንደነገረኝ፣ በኤርፖርቱ የታክሲ መጠባበቂያ ሜዳ ከፊታቸው የነበሩት መኪኖች ወደፊት ሲጠጉ እርሳቸው አልተጠጉም፤ ከኋላቸው የነበሩት ሾፌሮች፣ ከመካከላቸውም ያገራችን ልጆች ነበሩ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ክላክስ አደረጉባቸው፤ በመጨረሻም አንዱ ወርዶ፣ «ተኝተህ ነው እንዴ፣ ሻምፒዮን?» እያለ መስኮታቸውን ሲደበድብ አንገታቸው ወደ ጎን ማዘንበሉን አየ። ስልኩን ዘግቼ የአሮጊቷን ሁለተኛ እግር አጠብሁ፤ በግማሽ ከተተወች ታለቅሳለችና።

በዕድራችን ልማድ ዜና ሕይወት የሚያነቡት ሊቀ መንበራችን ጋሽ አለልኝ ናቸው። እርሳቸውም አንድ ገጽ ተኩል ጽፈው አምጥተውልኝ ነበር፤ ባለቤቴ «በስፖርቱ ዓለም ለጥቂት ጊዜ ተሳትፈው» ይላል። አመስግኜ መለስሁላቸውና ራሴ ጻፍሁ፣ ራሴም አነባለሁ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ሞሲሳን አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ ዛሬ በፊታችሁ እላቸዋለሁ፤ በሕይወት ሳሉ ያላችኋቸው ጥቂቶች ናችሁና።

በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት ነጭ ሰው ሚስተር ሮይ ክላውሰን ይባላሉ። ልጃችን አያንቱ አጠገባቸው ሆና የማነበውን በእንግሊዝኛ ትነግራቸዋለች። ይህ ጽሑፍ ከእናንተ ይልቅ ለእርሳቸው ነው። ባለቤቴ በሬስሊንግ፣ በትግል ትርኢት፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሻምፒዮን ነበሩ፤ ስማቸው ግን ከሻምፒዮኖቹ ዝርዝር ተፍቋል፤ መልሶ ሊጽፈው የሚችለው የሚስተር ሮይ እጅ ነው፤ ለምን እንደተፋቀ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ።

አቶ ሞሲሳ ከአባታቸው ከአቶ ባይሳ ጉርሜሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲንቄ ቶላ በ1951 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በጉደር ተወለዱ። በአምቦ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ አሎሎ በመወርወር የአውራጃው አንደኛ ነበሩ። በ1970 ሁለት የክፍል ጓደኞቻቸው ተገድለው መንገድ ላይ በመጣላቸው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ፤ በካርቱም አምስት ዓመት ጆንያ ተሸከሙ፤ ከዚያም፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በፈረንጆች ዘመን እቆጥራለሁ፣ በ1983 ወደ ሚኒሶታ መጥተው በኤርፖርቱ የሻንጣ ጫኝ ሆነው ተቀጠሩ። በ1986 ተጋባን፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አያንቱ ተወለደች።

በ1991 ድሬገር የሚባል፣ በየቅዳሜው የሬስሊንግ ትርኢት የሚያሳይ ሰው፣ በኤርፖርቱ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ባንድ እጅ ሲያነሡ አይቷቸው ሥራ ሰጣቸው። የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ አለበሳቸው፣ «የጫካው ንጉሥ» ብሎ ሰየማቸው፣ በሰው ፊት እንግሊዝኛ እንዳይናገሩ ከለከላቸው። ሦስት ቋንቋ የሚያነቡት ባለቤቴ አራት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ሲያጓሩ ታዩ። ሱፐርማርኬት ውስጥ እንኳ ያወቃቸው ሰው ካለ የሚገዙትን በጣታቸው እያመለከቱ፣ የምናገረው እኔ ነበርሁ።

የዚያ ሥራ ሕግ አንድ ነው። ማን እንደሚያሸንፍና ማን እንደሚወድቅ ድሬገር ከትርኢቱ በፊት ይወስናል፤ በሪንጉ ውስጥ ጠላት የሆኑ ሁለት ሰዎችም ከሪንጉ ውጪ አብረው አይታዩም። ነገሩን ያሜሪካ ሰው በሆዱ ያውቀዋል፤ ከውስጥ ወጥቶ የሚናገረው ግን ይባረራል። መስማት የሚፈቀድላቸው ሚስቶች ብቻ ነበሩ፤ ሚስት ካወራች ባል ይከፍላል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲወድቁ አይቼ ሳለቅስ ነገሩኝ፤ መስቀል አስመትተውም አስማሉኝ። የእርሳቸው ድርሻ መውደቅ ነበር። ሁልጊዜ የሚጥሏቸው ደግሞ ሚስተር ሮይ ነበሩ። መውደቅ ራሱ ትልቅ ሙያ መሆኑን፣ አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ በጀርባ ሙሉ ማረፍ እንደሚያስፈልግ፣ ኢገን በምትባለው ከተማ በነበረው ቤታችን፣ ምንጣፍ ላይ አሳይተውኛል።

እናንተ ግን ውድቀቱን ብቻ ነበር የምታዩት። ትርኢቱ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ሳለን ስለሚተላለፍ፣ አንዳንዶቻችሁ በካሴት አስቀርጻችሁ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ታዩት ነበር፤ እርሳቸው እዚያው ተቀምጠው እያሉ። አንዱ፣ «ሞሲሳ፣ ግድግዳውን ያዝ፤ አባ በመስቀል ሲነኩህ እንዳትወድቅብን» ብሎ ሁሉም ሲስቅ፣ እርሳቸውም አብረው ሳቁ። የተናገረውን ስም አልጠራም፤ ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

በ1995 መጀመሪያ ሚስተር ሮይ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ በሚመጣው ቅዳሜ አንገቱን ሰብሬ ወደ አገሩ እልከዋለሁ ብለው ዛቱ። ይህ በሥራው ደንብ ለትኬት መሸጫ የሚባል ነው። ጋሽ አለልኝ ግን ካሴቱን አይተው ደም ሳይፈስ መታረቅ አለባቸው አሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ትርኢቱ አዳራሽ ሄዱ። ዘበኛውን ቤተሰብ ነን ብለው በጓሮ በር ገቡ። የልብስ መቀየሪያውን ክፍል ሲከፍቱ ባለቤቴና ሚስተር ሮይ ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአንድ ዳቦ እየቆረሱ ይበሉ ነበር።

ጋሽ አለልኝ በእንግሊዝኛ፣ ሽማግሌዎች ነን፣ ጥፋቱ የኛ ልጅ ከሆነ እንክሳለን ብለው ጀመሩ። ሚስተር ሮይ የማያውቋቸውን ሦስት ሰዎች ሲያዩ የሥራው ሕግ ታወሳቸው፤ ብድግ ብለው ባለቤቴን አንቀው በብረቱ ቁም ሣጥን ላይ ወረወሯቸው። ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። እርሳቸው አፋቸው ውስጥ ዳቦ ስለነበረ አገጫቸውን ለማጣበቅ ጊዜ አላገኙም። ሽማግሌዎቹ ሮጡ፤ አንደኛው ጫማውን ጥሎ ነበር። ባለቤቴ በዚያው ዕለት በትርኢቱ ላይ ወጥተው እንደታዘዙት ወደቁ፤ ከአንገታቸው አጥንት ሁለቱ መሰንጠቃቸው የታወቀው ግን ሰኞ ነው። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ ደንዝዘው ቀሩ። ሚስተር ሮይ ደጃችን ድረስ አምጥተዋቸው፣ በራፉ ላይ ቆመው አልቅሰዋል። ይህንን እመሰክርላቸዋለሁ።

ሚስተር ሮይ ከዚያ በኋላ ድሬገርን ወራት ለምነው፣ ባለቤቴ በእርሳቸው ፈንታ ሻምፒዮን እንዲሆኑና የሻምፒዮኑን ቀበቶ በጃንዋሪ በትልቁ ትርኢት መልሰው እንዲያስረክቡ አስወሰኑ። ስለዚህ ኖቬምበር 11 ቀን 1995 ባለቤቴ ሚስተር ሮይን ጥለው ቀበቶውን ወሰዱ። ሕዝቡ የወረቀት ኩባያ እየወረወረባቸው፣ የጫካው ንጉሥ ማልቀስ ሳይፈቀድለት አለቀሱ። ቀበቶውን ቤት አመጡት፤ ጠዋት ጠዋት በመሐረባቸው ይወለውሉት ነበር፤ የሰባት ዓመቷ አያንቱ ወገቧ ላይ አድርጋው ወደ ጉልበቷ ይወርድ ነበር። ተስማምተው የሰጧቸው መሆኑን ከማናችሁም በላይ ያውቁ ነበር። ምን ያህል ደስ እንዳላቸው አይቼ ብስቅባቸው፣ «ሙልዬ፣ ይህንን ሥራ በደንብ ለማይሠራ ሰው አይሰጡትም» አሉኝ።

ቀበቶውን ባገኙ በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ አለልኝ በዚህ አዳራሽ ቆመው፣ ከሮይ ጋር አብረው ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሞሲሳ ቀበቶውን ገዝቶት ነው፣ ክብራችንን ሸጦታል አሉ። ባለቤቴ መልስ መስጠት አይችሉም ነበር፤ ቃል አለባቸው። እኔ ግን ጋሽ አለልኝን መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትዬ ያዝኋቸው።

«ጋሽ አለልኝ፣ ሁሉም ተነጋግረው ነው የሚወድቁት። አራት ዓመት የወደቀው ታዞ ነው። ቢፈቀድለት ሮይን ባንድ እጁ ያነሳዋል» አልኋቸው።

«እንግዲያ ሁሉም አጭበርባሪ ነው በይኛ» አሉኝ።

የባለቤቴን ስም አጸዳለሁ ብዬ ነበር። ጋሽ አለልኝ ደግሞ የማኅበረሰባችን ስም ከማጭበርበር እንዲለይ ብለው፣ በማኅበሩ ማኅተም ለአንድ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፤ ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚወሰን ከሻምፒዮኑ ቤተሰብ አረጋግጠናል ብለው። ጋዜጣው ለሳቅ አወጣው። እርሳቸው እስከ ዛሬ ትክክል የሠሩ ይመስላቸዋል፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ።

ኖቬምበር 30 ቀን ድሬገር ጋዜጣውን ይዞ፣ ሚስተር ሮይንም አስከትሎ ቤታችን መጣ። ለማኅበሩ ሰዎች ማን እንደነገራቸው ባለቤቴን ጠየቃቸው። ከእኔ በቀር ለሰው አልነገሩም። እኔ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ነበር፤ አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያም ወደ ድሬገር ዞረው፣ «የነገርኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። ድሬገር ተንበርክኮ ቀበቶውን ከልጄ ወገብ ፈታ። ሚስተር ሮይ ባለቤቴ የዘረጉላቸውን እጅ ሳይጨብጡ ወጡ። የባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ እርሳቸውም ከሥራው ተባረው ታክሲ መንዳት ጀመሩ።

እርሳቸው እኔን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ያን ዕለት ራታቸውን በልተው ሳህናቸውን ራሳቸው አጠቡ። ከዚያ ወዲህ ግን በልባቸው ያለውን ነገር ነግረውኝ አያውቁም። ስለ ሂሳብ፣ ስለ መኪናው ዘይት፣ ስለ አያንቱ ትምህርት እናወራ ነበር፤ አሥር ዓመት ሙሉ። ልጃችን ባማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ እየመለሰችልን አደገች፤ በቤታችን የሚሰማው ድምፅ በአመዛኙ የእርሷ ነበር።

ባለፈው መከር ሚስተር ሮይ የድርጅቱን የሻምፒዮኖች ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ባለቤቴ ገዝተው የ1995ን ገጽ ከፈቱ፤ የሚስተር ሮይ ዘመን ሳይቋረጥ ተጽፏል። በወጥ ቤቱ ስልክ ደወሉላቸው፤ በሚቀጥለው እትም አንዲት መስመር ብቻ እንዲጨምሩላቸው ጠየቁ። ሚስተር ሮይ የመለሱትን ከቆምሁበት ሰማሁት፦ «አንተ አውርተሃል። ያወራ ሰው ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም።» ባለቤቴ፣ «ገባኝ» ብለው ዘጉ። ስልኩን ለመቀበል ሦስት እርምጃ ይበቃኝ ነበር። እኔ የታጠበ ልብስ አጥፍ ነበርና ማጠፌን ቀጠልሁ።

ማክሰኞ ዕለት ፖሊሶች የመኪናቸውን ዕቃ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። በውስጡ አራት ዓይነት የልብ መድኃኒት ነበር፤ ብልቃጦቹ ላይ ያለው ቀን ከሁለት ዓመት በፊት ይጀምራል። የልብ ሐኪም ዘንድ በየሦስት ወሩ ይሄዱ እንደነበር ሐኪሙ ነገረኝ። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ተነግሯቸው፣ ከባለቤቴ ጋር ልማከር ብለው ነበር። አላማከሩኝም። ምሥጢር የማትይዝ ሴት መሆኔን ያውቁ ነበር።

አቶ ሞሲሳ ባይሳ በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ማርች 14 ቀን 2006 አርፈዋል። ልጃቸውን አያንቱ ሞሲሳን፣ በጉደር ያሉትን እህታቸውን ወይዘሮ ፋዮ ባይሳንና እኔን ባለቤታቸውን ትተው ሄደዋል።

አያንቱ፣ ይህችን ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ። ሚስተር ሮይ፣ ያወራሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያን ቀን የዋሹት በእኔ ምትክ ነው። አሁን ቢጽፉት አያነቡትም፤ ይህንን ባለፈው መከር ልነግርዎ እችል ነበር፤ አልነገርሁዎትም።

ወገኖቼ፣ ለእኔ አልቅሱልኝ አልልም፤ ይቅርታ የምለምነው ሰው ሣጥን ውስጥ ነው። አሁን አባ በክርስትና ስማቸው፣ «ወልደ ገብርኤል» ብለው ይጠሯቸዋል። የወደዳችኋቸውም የሳቃችሁባቸውም ተነሡና ጸልዩላቸው፤ እግዚአብሔር ከቃል አፍራሾች ጋር እንዳይቆጥራቸው፣ ነፍሳቸውንም ቃላቸውን ከጠበቁት ጋር እንዲያሳርፍልን ጸልዩላቸው።