የጋሽ ሀምዱ ጭነትና አገባብ የተባለው ትምህርት

አዲሱ የባቡር ሐዲድ ገና በመዘርጋት ላይ በነበረበት ዓመት፣ በወደብ ከተማው የካርቲየ 1 ሰፈር ነጋዴ የሆኑት ጋሽ ሀምዱ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ፊታቸውን አኮሳትረው ከቤት ወጡ። ልጃቸውን ነጃትን ካርቲየ 4 ከሚገኘው የማታ ትምህርት ቤት ሊያስወጡ ቆርጠዋል። ፈተናዋ የደረሰባት ነጃት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጋሽ ሀምዱ ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ሱቃቸው ጥግ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው የጭነት መኪናቸውን ወዛደሮቹ ሲጭኑት አዩና ደማቸው ፈላ።

«ወላሂ አብዳችኋል! መጀመሪያ የሚወርደውን የደወሌ ዕቃ ከውስጥ፣ የድሬዳዋውን በሩ ላይ? ሽቶውንስ ከስኳሩ ሥር ማን አድርጉ አላችሁ? አውርዱ!»

በዚያ ሲያልፍ የነበረው የሰፈራቸው ልጅ፣ መምህር ረምዚ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው።

«ጋሽ ሀምዱ፣ ደህና ዋሉ? ምነው ተቆጡ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ፤ እንኳን አገኘሁህ። እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ሲንታክስ የሚሉት ምን የሚሉት ነገር ነው? ነጃት ወር ሙሉ እሱን ተማርኩ ትለኛለች። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በፈረንሳይኛ ስነግድ ስሙንም ሰምቼ አላውቅ! ሱቁ ሰው አጥቶ እሷ በዚህ ትጫወት?»

«ቃሉ ከግሪኮች የመጣ ነው፣ ጋሼ። አንድ ላይ በሥርዓት መደርደር ማለት ነው። ወታደር ማሰለፍንም ከዚያው ሥር በወጣ ቃል ይጠሩት ነበር። በእኛ አገባብ እንለዋለን፤ ‹ገባ› ከሚለው የወጣ ነው። እያንዳንዱ ቃል የሚገባበት ቦታ አለዋ።»

«ቃል ከአፍ ይወጣል እንጂ የት ይገባል?» ሲሉ ጋሽ ሀምዱ አሾፉ።

ረምዚ አልተቀየመም። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ታጋሽ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር!

«እስቲ እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ? ዕቃ ጎደለ?»

«አልጎደለም።»

«ታዲያ?»

«ቦታ ቦታውን አልያዘማ! መንገድ ላይ ይሰባበራል።»

«የነጃትም ትምህርት ይኸው ነው። የፈረንሳይኛ ቃሉንማ ከገበያው ለቅማዋለች። አማርኛ ድርጊቱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ፈረንሳይኛ ግን መሃል ላይ። አደራደሩን ያላወቀ ሰው ቃል ሳይጎድለው ሐሳቡ መንገድ ላይ ይቀርበታል።»

ጋሽ ሀምዱ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ባለፈው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆመው የሚያውቁትን ፈረንሳይኛ ሁሉ ሲያዘንቡ፣ ጸሐፊዋ «ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ይዘው ይምጡ» ብላ መልሳቸዋለች። ለማንም አልነገሩም እንጂ በጣም አፍረው ነበር።

«ይህን የተማረች ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መስኮት ላይ ብትቆም ይሰሟታል?»

«ይሰሟታል፣ ጋሼ። ውል አንብባ ታስረዳዎታለች፤ መብቷንም አጥርታ ትጠይቃለች። ለእርስዎም ለራሷም ትተርፋለች።»

ከትናንት ጀምሮ ጋሽ ሀምዱ ደረት ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አለላቸው። ለካ እሳቸውንም የልጃቸው ጾም አላስበላቸውም ነበር።

ያም ሆኖ ወደ ትምህርት ቤቱ መሄዳቸው አልቀረም። ነጃት በሩ ላይ ስታያቸው ፊቷ ዐመድ መሰለ። ደብተሮቿን ሰብስባ ተነሣች።

ጋሽ ሀምዱ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ።

«ወዴት ነው?» አሏት። «ብዪ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ።»