ያልነደደው መሐረብ

ግባ፣ ግባ አቡ ዙርዓ! ሰላም ዋልክ? ቤት ሰላም ነው? ኧረ እዚያ በርጩማ ላይ አትቀመጥ፣ ሰማያዊ ያደርግሃል። ይኸኛው ደርቋል... የባግዳድ ሙቀት ዘንድሮ ጉድ አይደል? ጤግሮስ ጎድሎ ጎድሎ፣ ጨርቅ ለማለቅለቅ ግማሽ መንገድ ጭቃ መርገጥ ሆኗል ሥራችን። የጌታህ የወዚሩ መጋረጃ ደርሷል፤ የግቢው አዛዥ ራስህ ትመጣለህ ብዬ ግን አላሰብኩም። ክብር ነው ለኔ ለባሻር!

እኚህ በሩ ሥር የተቀመጡት ሸኽ ደንበኛዬ ናቸው፤ ጥምጥማቸው እስኪደርቅ እየጠበቁ ነው። አትፈራቸው፣ እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው... ይጫወቱ ሸኽ፣ ቤቱ የርስዎ ነው።

እና ነገ ያ ክርክር በወዚሩ አዳራሽ ይደገማል የሚሉት እውነት ነው? ተአምር ይሆናል፣ አይሆንም የሚሉት? እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ። ክንዱ እስከ ክርኑ ቀለም የሆነ ሰው የሊቃውንትን ነገር ቢያወራ ማን ይሰማዋል? መስማት ግን አይከለከልም፤ ባለፈው ሐሙስ መስጊድ ነበርኩ።

ሸኽ ሙንዚርን ታውቃቸዋለህ። አርባ ዓመት አንድ ምሰሶ ተደግፈው ያስተማሩ ሰው። የሚሉትም ያው ነው፤ እሳትን የፈጠረ አላህ ነው፣ ማቃጠልን ጠባዩ ያደረገለትም አላህ ነው፤ ተአምር አይሆንም አልልም፣ ግን ‘አየሁ’ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ በደንብ እጠይቀዋለሁ። በቃ። ሽማግሌ ሰው፣ ቀላል ነገር ይወዳሉ።

ያኛው ሊቅ ግን... ማሻአላህ! ሸኽ ሙንዚር ከፊደል ጀምረው ያሳደጓቸው ተማሪ ናቸው አይደል? አሁን ምጥቀታቸው! ‘እሳት ጠባይ የሚባል ነገር የለውም’ ይላሉ። ጥጥ እሳት ውስጥ ሲገባ የሚያነደው እሳቱ አይደለም፤ አላህ ያኔውኑ መንደድን ይፈጥራል፤ እኛ ሁልጊዜ ስለምናይ ጠባይ እንለዋለን እንጂ ልማድ ነው። ልማዱን በፈለገ ጊዜ ይተወዋል፤ ያም ተአምር ይባላል። እንዴት ያለ ጥልቅ ነገር ነው! እኔማ ሳስበው ራሴን አመመኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም... እኚህ ሊቅ ትኩስ ገንፎ ሲቀርብላቸው እፍ እፍ ይላሉ። ምነው? ዛሬ ልማዱን ይተው ይሆናል ብለው ለምን ዝም ብለው አይጎርሱም? ለትሕትና ይሆናል፤ ተአምር በከንፈራቸው ላይ እንዲባክን አይፈልጉም።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ከደረታቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ፍም ላይ ጣሉት። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በመቆንጠጫ ብድግ ሲያደርጉት ጠቆር ብሏል እንጂ አልነደደም! እሳት ካየው ምን ለየው ይሉ ነበር የጥንቶቹ። ዘንድሮ እሳትም ሰው መለየት ጀመረልህ።

ሸኽ ሙንዚር እጃቸውን ዘርግተው ‘እስቲ ልዳስሰው’ አሉ። ሊቁ እንባ አቅርረው፣ ‘መምህሬ፣ ያለኝን ሁሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የአላህን ሥራ በጣት መመርመር ግን አላስተማሩኝም’ አሏቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ሰዎች፣ እያስለቀሰ ሲወስድ አላዩም ማለት ነው... መስጊዱ ሁሉ አለቀሰ። እኔ ብቻ አላለቀስኩም። ቀለም ነካሪ ጨርቅ ሲያይ ዓይኑ ይደርቃል፤ የሥራ በሽታ ነው።

የክርክሩን ሕግ ታውቃለህ፤ መልስ ያጣ ዝም ይላል፣ ዝም ያለ ምሰሶውን ይለቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ፣ ይሳደብ ነበር። ሸኽ ሙንዚር ግን በዚህ ሕግ ስንቱን ያስነሡ ሰው ናቸው። ‘ማስረጃ የለኝም’ ብለው ዝም አሉ። ተማሪዎቻቸው ምንጣፋቸውን እየጠቀለሉ ተነሡ። ሩቅም አልሄዱም እኮ፣ ወደሚቀጥለው፣ ወደ ሊቁ ምሰሶ ነው... ሽማግሌው ልጆቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ አይተው፣ በመጨረሻ ምሰሶውን ለቀቁ።

ያጎረሰ ጣት ይነከሳል ይላሉ። ሐሰት ነው! እኚህ ሊቅ አልነከሱም፤ ክንዱን ሙሉ ነው የዋጡት፣ ያውም ቢስሚላህ ብለው።

ትናንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ያ መስጊድ የሚሞላ ድምፅ አሁን ከድመታቸው ጋር ይከራከራል። ድመቷ ትረታቸዋለች። ሣቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ቃጣኝ። ‘ምናልባት እውነተኛ ተአምር ነበር ባሻር’ አሉኝ፤ ‘ምናልባት አርባ ዓመት ሰው ሳሳስት ኖሬ ይሆናል’። አንጀቴን በሉት። መጽሐፋቸውን ሁሉ ግድግዳ ሥር ከምረዋል፤ ከነገው ክርክር በኋላ ሊያቃጥሉት ነው። ያንን እንኳ እሳቱ የሚተውላቸው አይመስለኝም።

እንደው ስለ ሙያ ላጫውትህ? ጨርቅ ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ በነጭ ጨው ውሃ ይዘፈዘፋል፤ የወጡን ጨው ማለቴ አይደለም፣ የቀለም መያዣውን ነው። ያለሱ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ቀለሙ ይሄዳል። ይኸው ጨው ሌላም ጠባይ አለው... ይቅርታ፣ ልማድ ማለቴ ነው! ሦስቴ ዘፍዝፈህ ሦስቴ ካደረቅከው ጨርቁ በእሳት ቶሎ አይያዝም። ፍም ቢወድቅበት ይጠቁራል እንጂ አይነድም። ይህን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ሊቃውንት ግን ወደዚህ አይመጡም፣ ጠረናችን ይከብዳቸዋል... ከአንዱ በቀር። ከሐሙስ በፊት ነጭ መሐረብ ይዞ መጣና ‘ሦስቴ ዘፍዝፍልኝ፣ ቀለም ግን እንዳታስነካብኝ’ አለኝ። ሃያ ዓመት ስሠራ፣ ቀለም የማይፈልግ ሰው የቀለም መያዣ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። የራሱ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ሠራሁለት። ስሙን? ኧረ ረሳሁት፣ ደንበኛ ብዙ ነው...

ምነው ሸኽ፣ ሳል ያዘዎት? እንስራው ከኋላዎ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጡበት።

እኔ ተአምር አልክድም አቡ ዙርዓ። ጨርቁ ከቀለም ጋኑ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ ነፋስ ሲነካው ዓይኔ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ሃያ ዓመት አይቼው ዛሬም ይገርመኛል። ግን ይዤው መስጊድ ገብቼ የማንንም ምሰሶ አልነጠቅሁበትም።

እና ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው፣ ሌላ ሰው ነው፣ ለነገ የሚሆን ጥምጥም አመጣልኝ። እንደዚያው፣ ያለ ቀለም። ጨዉን ልበጠብጥ ብዬ እጄ ተያዘ። ምን ያደርጋል? እውነተኛ ተአምር የባሻርን ጨው ይፈልጋል እንዴ? ኃጢአት መስሎ ታየኝ። በንጹሕ የጤግሮስ ውሃ አለቅልቄ ሰቀልኩት። እንዴት እንዳማረ! ነጭ፣ ቀላል፣ ገና ፍም ሳይነካው ቦግ የሚል... ከእንግዲህ የአላህ ፋንታ ነው። ነገ ፍሙን የምታስነድደው አንተ ነህ አይደል? አደራህን፣ የጋመ ይሁን። ተአምር በአመድ ላይ አይደምቅም።

ያ ሰው ግን ብልህ ቢሆን... ነገን አይጠብቅም ነበር። የሸኽ ሙንዚር ቤት ከዚህ ድልድዩን ተሻግሮ ነው። ‘መምህሬ፣ መጽሐፉን አያቃጥሉ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ’ ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? በሩም አይቆለፍም።

ኧረ ሸኽ! ተነሡ እንዴ? ጥምጥምዎ እኮ ገና እርጥብ ነው! ይቆዩማ፣ ሳንመራረቅማ አይሄዱም። ለዚያ ለማናውቀው ሊቅ ዱዓ እናድርግለት፣ እጅዎን ይዘርጉ። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። አርባ ዓመት ያስተምር። ሸምግሎ ድምፁ ሲደክም፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደውን፣ ከፊደል ጀምሮ ያሳደገውን አንዱን ይባርክለት። ያም ተማሪ፣ እሱ ለመምህሩ የሆነውን ያህል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ይሁንለት።

አሚን ይበሉ እንጂ ሸኽ... ምርቃት እኮ ነው።