ከወፍጮ ወደ ዶማ

ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት፣ የዚህ ጎተራ ሹም፣ እናንተም የወፍጮ ቤት እህቶቼ፤ ለስንብቴ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በደህናው ዘመን ቢሆን ለተሰናባች ፍሪዳ ይጣል ነበር። ዛሬ የባቄላ ንፍሮ ቀረበ። አትፈሩ፣ አልተቀየምኩም! በሬው ሁሉ ቀድሞኝ ተሰናብቷል።

ዝምተኛ መሆኔን ታውቃላችሁ። ከመጅ ድምፅ በላይ ስናገር የሰማኝ አለ? ዛሬ ግን መጁ ዝም ብሏልና ተራው የኔ ነው።

ፊደል የለየሁት የባለቤቴን ዳዊት ይዤ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጀርባ ተማሪዎቹ ሲያነቡ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ይቺ እህታችሁ ባፈና ይህን ስለምታውቅ፣ በሽታው ከብቱን መፍጀት የጀመረ ሰሞን እየሮጠች መጣች።

«እቴ ወለተሐና፣ ለላሜ ዳዊት ድገሚላት።»

ደገምኩላት። ላሚቱ በማግስቱ ሞተች።

«አንድ ፊደል ዘለሽ ይሆናላ!» አለችኝ።

አንቺ ባፈና፣ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ያለቀው ከብት ሁሉ በኔ ነው? ያን ያህልስ አልዘለልኩም!

ሳቁ፣ ሳቅ ከንፍሮው ይሻላል። አሁን ወዴት እንደምሄድ ልንገራችሁ። መዘዞ፣ የሟቹ ባለቤቴ መሬት ላይ ነው። ሲታመም «ድረሽልኝ» ብሎ ልኮብኝ ነበር። የግብሩን ዱቄት ልጨርስ ብዬ ዘገየሁ፤ ስደርስ ተቀብሯል። ሁለተኛ መዘግየት አልፈልግም።

እዚያ ወንድሙ ወልደተንሣኤ ከነልጆቹ አለ። በሬዎቹ አልቀዋል፣ ክረምቱም እየመጣ ነው። ዘንድሮ ካልተዘራ ልጆቹ ወደ አሊዩ አምባ ወርደው ሊለምኑ ነው። እዚያስ ማን ይሰጣቸዋል? ገበያው ላይ ጨው እንጂ እህል አይታይም።

ባለፈው ስሄድ ወልደተንሣኤ ጅራፉን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«በሬ።»

«ዶማ የለህም?»

«እኔ አራሽ የአራሽ ልጅ፣ እንደ ጓሮ ጎመን ተካይ መሬት ልጭር? አገር ምን ይለኛል?»

«እንግዲያው ጅራፍህን ዝራው። ከበቀለ ልጆችህ ይበሉታል።»

አኮረፈኝ። በማግስቱ ግን ከአጥሩ በስተጀርባ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤት እንዳያየው ተደብቆ ይቆፍራል!

እሱ ዶማ ከያዘ እኔ እዚህ ምን እጠብቃለሁ? አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ የአገራችን ደንብ ነው። በሬው ሲጠፋ ሰው ይቀናጃ! ይቺ አብራኝ የምትፈጨው ቦሰና ከኔ ጋር ልትቀናጅ ተስማምታለች። ባላምባራስ፣ እሷም ሄደችብኝ ብለው አይዘኑ። የቦሰናን ዱቄት ያውቁታል፤ ቢዘሩት ይበቅላል።

ግን ዘራችን ከሷ ዱቄት አይሆንም። ትናንት አንድ እንቅብ ገብስ ብለምንዎ «የሚፈጨው ጠፍቶ አንቺ የሚዘራ ትያለሽ?» አሉኝ። እውነትዎን ነው። እዚህ ያልራበው የለም፤ ያ ገብስ ለዚህ ቤት እንጀራ ነው። ቢሆንም ከብቱን የጨረሰው በሽታ ነው፤ ዘሩን ከጨረስን ግን ማንን እንወቅሳለን?

እህቶቼን ጠይቄያለሁ። ከየድርሻችን ይቀነስ ብለዋል። ባፈና ሳትቀር! ባፈና ከምግብ ላይ ስትቀንስ ያየ አለ?

ባላምባራስ፣ መልስዎን በነዚህ ሁሉ ፊት ልስማ። ያለ ዘር ከሄድኩ ባዶ መሬት ልቆፍር ነው።

ራስዎን በእሺታ ነቀነቁ? ነቀነቁ! ሁላችሁ አይታችኋል። በኋላ ዝንብ ሳባርር ነው ቢሉ አንቀበልም።

እግዜር ያክብርዎ። እናንተንም እህቶቼ፣ ክንዳችሁን ያበርታው፣ መጃችሁን እህል አያሳጣው። ደጃችሁ ላይ ዳግመኛ ጥጃ ይቦርቅ። ልጆቻችሁ ይህን ዘመን በወሬ ብቻ ይስሙት። እኔንም እሸት ይዤላችሁ ለመምጣት ያብቃኝ።

በይ ቦሰና፣ እንቅቡን አንሺ። ባላምባራስ ሳያስቡበት ገብሱን አስፍረን እንውጣ።